ሰማዩን በአንድ ሰማያዊ አትቀቡት፦ የትንሽ ባቡር መንደር ስሠራ የተሳሳትኳቸው

ጎንደር ላይ ባቡር የለም። ስለዚህ ቤቴ መጥቶ ጠረጴዛ ላይ የሚዞረውን ባቡሬን ያየ ሰው ስለ ባቡሩ አንድም ትችት ሰጥቶኝ አያውቅም። ሎኮሞቲቩ የየትኛው ዘመን ይሁን፣ የፉርጎው ቀለም ይግጠም አይግጠም ጉዳዩ አይደለም። ተራራውን ሲያይ ግን "ይሄ ደግሞ የት አገር ነው?" ይላል። ባህር ዛፉን ሲያይ ይስቃል። ሰውን በማያውቀው ባቡር ልታታልሉት ትችላላችሁ፣ ሲያየው ባደገው ሜዳና ቆርቆሮ ቤት ግን አይሆንም።

ባቡሩን ያመጣልኝ ወንድሜ ነው፣ ከጀርመን። አንድ ሎኮሞቲቭ፣ ሦስት ፉርጎ፣ ክብ የሚሠራ ሐዲድ። ልኩ 1:87 ነው፣ ማለትም ከእውነተኛው 87 ጊዜ ያንሳል። ሐዲዱን በአንድ ከሰዓት ገጣጥሜ ጨረስኩ። በዙሪያው ያለውን አገር መሥራት ግን ሁለት ዓመት ፈጀብኝ፣ ግማሹ ጊዜ ያለቀው ደግሞ የሠራሁትን ሳፈርስ ነው። ያፈረስኩትን ልንገራችሁ።

ጠረጴዛውን ጠረጴዛ አድርጎ መተው

ቺፑድ ላይ ሐዲዱን ቸነከርኩ፣ አረንጓዴ ቀባሁ፣ ከዚያ ተራራ ሠርቼ አመጣሁና አስቀመጥኩበት። ኬክ ላይ የተቀመጠ ጌጥ መሰለ። መሬት እኮ ከሐዲዱ በላይም በታችም አለ። ከፒያሳ ወደ አንገረብ ስትወርዱ ልብ በሉ፣ መንገዱም አጥሩም ቤቱም አብሮ ነው የሚወርደው፣ ለጥ ያለ ነገር ፈልጋችሁ አታገኙም። ቢያንስ አንድ ቦታ ላይ መሬቱ ከሐዲዱ በታች ይውረድ። ትንሽ ቦይ ትበቃለች። ለዚህ ሐዲዱን ገና ከጅምሩ ከቺፑዱ 4 ወይም 5 ሳንቲም ከፍ ማድረግ ነው፣ ከተቸነከረ በኋላ ጣጣ ነው።

ለመሬቱ ከቲቪና ከፍሪጅ ካርቶን ውስጥ የሚወጣው ነጭ ፎም ይበቃል። ቆርጣችሁ ደራርቡት፣ ኮላ የጠጣ ጋዜጣ አልብሱት፣ ከዚያ ስስ ጄሶ። ጄሶውን አታወፍሩት፣ ይከብዳል፣ ሲደርቅም ይሰነጠቃል። ፎሙን በማስቲሽ አታጣብቁት፣ ስፕሬይ ቀለምም በቀጥታ አትርጩበት፣ ውስጣቸው ያለው ማሟሟያ ፎሙን ይበላዋል። እኔ አንድ ሳምንት ሙሉ የጠረብኩትን ገደል ቡናማ ስፕሬይ ስረጭበት ዓይኔ እያየ ሻይ ውስጥ እንደገባ ስኳር ሟሟ። የአናጢ ነጭ ኮላና የውሃ ቀለም ምንም አያደርጉትም።

ሾጣጣ ተራራ

ተራራ ሥሩ ሲባል ሁላችንም ሦስት ማዕዘን ነው የምንሠራው፣ ጫፉ ላይ ነጭ ጣል አድርገን። እሱ የካላንደር ተራራ ነው። የኛ አምባ አናቱ ጠፍጣፋ ነው፣ ጎኑም ደረጃ ደረጃ አለው። ምክንያቱም የስሜን ተራሮች የተሠሩት በየጊዜው እየፈሰሰ አንዱ በሌላው ላይ ከተነጠፈ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ነው። ጠንካራው ንጣፍ ገደል ሆኖ ይቆማል፣ ለስላሳው ተንሸራቶ ሣር ያበቅላል፣ ከዚያ እንደገና ገደል። ደግነቱ ፎም ስትደራርቡ ይኸው ደረጃ ራሱ ይመጣል። ስለዚህ ሁሉንም ጠርዝ አሸዋ ወረቀት ይዛችሁ አታለስልሱት።

ሣር አረንጓዴ ነው ብሎ ማሰብ

የጎንደርን ዙሪያ ጥር ላይ እዩት። አረንጓዴው የታል? ገለባ ነው፣ አፈር ነው፣ የዛገ ቡናማ ነው፣ አረንጓዴ ያለው ባህር ዛፉና ቤተ ክርስቲያኑ ዙሪያ ብቻ ነው። ከቱቦ የወጣ አረንጓዴ ደግሞ በክረምትም የለም። ቢጫ ጨምሩበት፣ ከዚያ በጣም ትንሽ ቀይ ወይም ቡናማ፣ ጩኸቱ ወዲያው ይበርዳል። ሰጋቱራ በወንፊት ነፍታችሁ እንዲህ ባለ ሁለት ሦስት ዓይነት ቀለም ንከሩና አድርቁ፣ ስትበትኑት ቀላቅሉት። ሣር መደዳውን አንድ ዓይነት ሆኖ አያውቅም።

ከቀለሙ የባሰው ወር መደባለቅ ነው። እኔ አንዱን ማሳ በቢጫ ነጠብጣብ አደይ አበባ ሞላሁት፣ በጣም አምሮብኝ ነበር። ከሐዲዱ ማዶ ደግሞ የጤፍ ክምር አቆምኩ፣ እሱም አምሮብኝ ነበር። ገጠር ያደጉ አንድ ጎረቤታችን፣ ትልቅ ሰው ናቸው፣ መነጽራቸውን አድርገው ጎንበስ ብለው ቆዩና "ልጄ፣ አደይ ሳይረግፍ ጤፉን ያጨደው ይሄ ገበሬ የማን አገር ሰው ነው?" አሉኝ። መልስ አልነበረኝም። አደይ የመስከረም ነው፣ ክምሩ የኅዳርና የታኅሣሥ። አንድ ወር ምረጡ፣ ከተቻለ ግድግዳው ላይ ጽፋችሁ ለጥፉት፣ ከዚያ ያንን ወር ብቻ ሥሩ። እኔ ጥርን መረጥኩ፣ አደዩን በሙሉ በወረንጦ ለቀምኩ።

ሰማዩ

ከጠረጴዛው ኋላ በሰሌዳ ላይ የሚቆመው ስዕል ላይ ሦስት ጊዜ ወድቄያለሁ፣ ስለዚህ እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ።

መጀመሪያ አንድ ጣሳ ሰማያዊ ገዝቼ ከላይ እስከ ታች ለቀለቅሁት። ለካ የበርና የመስኮት ቀለም ነው፣ ያብረቀርቃል። መብራት ሳበራ ሰማዬ ላይ አምፖል ወጣ። የማያብረቀርቅ የግድግዳ የውሃ ቀለም ያዙ። ደግሞም ሰማይ አንድ ቀለም አይደለም። ወጣ በሉና እዩት፣ አናታችሁ ላይ ጠቆር ያለ ሰማያዊ ነው፣ ወደ ተራራው ሲወርድ እየነጣ እየነጣ ይሄዳል፣ አድማሱ ጋ ከነጭ ብዙም አይለይም። ስለዚህ ከላይ ሰማያዊ፣ ከታች ነጭ ቀቡና ሁለቱም እርጥብ እያሉ መሃሉን በሰፊ ብሩሽ አገናኙት። ፈጠን በሉ፣ በበጋ ቶሎ ይደርቃል። ቀለሙን የምትቀላቅሉት ደግሞ ባቡሩ ባለበት ክፍል፣ ባቡሩን በምታዩበት መብራት ሥር ይሁን። ሱቅ ውስጥ አመድማ የነበረው ቤት ሲመጣ ሐምራዊ ሆኖብኝ ያውቃል።

ሁለተኛ ጊዜ ብልጥ ልሁን አልኩና ራሴ ያነሳሁትን ፎቶ ባነር ላይ አሳተምኩ። ፎቶው ላይ ጥላው ሁሉ ወደ ግራ ወድቋል፣ ጠረጴዛው ላይ ያለው ጥላ ወደ ቀኝ፣ ሁለት ፀሐይ ያለው አገር ሆነ። እሱም ይቅር፣ የኋላው ዛፍ ቅጠሉ ይቆጠራል፣ የፊቱ ዛፍ ስፖንጅ ነው። ከሩቅ ያለው ነገር ከቅርቡ በልጦ ከታየ አለቀ። ፎቶ የምትጠቀሙ ከሆነ ብርሃኑ ክፍላችሁ ውስጥ ካለው ጋር በአንድ በኩል ይምጣ፣ ሳይታተምም በስልካችሁ ትንሽ አደብዝዙት።

ሦስተኛው የተራሮቹ ቀለም ነው። የቅርቡንም የሩቁንም በአንድ ጥቁር አረንጓዴ ቀባኋቸው፣ ሁሉም ግድግዳው ላይ ተለጠፉ። ከጎሃ ኮረብታ ላይ ሆናችሁ ከተማውን አሻግራችሁ ስታዩ የቅርቡ ሸንተረር ቡናማ ነው፣ ቀጣዩ ሰማያዊነት ይገባበታል፣ መጨረሻው ሰማይ ይሁን ተራራ ትጠራጠራላችሁ። በመሃል አየርና አቧራ አለ፣ እሱ ነው የሚያደበዝዘው። መላው ቀላል ነው፦ ከሩቁ ጀምሩ፣ የሰማዩን ቀለም ከትንሽ ቡናማ ጋር ቀላቅላችሁ የመጨረሻውን ረድፍ ቀቡ፣ ወደ ፊት በመጣችሁ ቁጥር ቡናማውን ጨምሩ። ሦስት ረድፍ ከበቂ በላይ ነው።

ጥቃቅኖቹን ቶሎ ቶሎ ልበላቸው። የክፍሉ ጥግ ላይ ሰሌዳውን ቀጥ አድርጋችሁ አትጠፉት፣ ዙር አድርጋችሁ አሳልፉት፣ ሰማይ ላይ መስመር ካለ ዓይን ሌላ ነገር አያይም። ከመጨረሻው ዛፍ እስከ ሰማዩ 5 ሳንቲም ያህል ክፍት ተዉ፣ የዛፍ ጥላ ሰማይ ላይ ሲያርፍ ያስቃል። አድማሱን ቁጭ ብላችሁ ስታዩ ከዓይናችሁ ጋር ትይዩ አድርጉት። መንገድም ቀጥ ብሎ ሄዶ ሰማዩን እንዳይገጭ ከአንድ ቤት ወይም ከዛፍ ጀርባ ጠምዝዙት፣ ወዴት እንደሄደ ሰው ራሱ ይጨርሰው።

ዛፍን ማሳጠር

ይሄ ስህተት ሁሉም ሰው ጋ አለ። 5 ሳንቲም ዛፍ ሠርተን ዛፍ ሠራን እንላለን። በ1:87 ሲሰላ 4 ሜትር ከምናምን ነው፣ ቁጥቋጦ በሉት። 20 ሜትር የሆነ ባህር ዛፍ 23 ሳንቲም መሆን አለበት። ሰው 2 ሳንቲም ገደማ ነው፣ የቤት በር ደግሞ 2 ሳንቲም ከ3 ሚሊ። ከሲጋራ ፓኬት ካርቶን አንድ ሰው ቆርጣችሁ ኪሳችሁ ውስጥ ያዙና የምትሠሩት ነገር ሁሉ አጠገብ አቁሙት፣ ከሂሳብ ይሻላል።

ባህር ዛፉን ከአሮጌ የኤሌክትሪክ ገመድ መዳብ ነው የምሠራው፣ ገምዳችሁ ጫፉን ትበትኑታላችሁ። ቀጭን፣ ቀጥ ያለ፣ ታችኛው ቅርንጫፉ ለማገዶ የተለቀመ። ክብ አናት ሰጣችሁት ማለት ሌላ ዛፍ ሠራችሁ ማለት ነው። አንድ ብቻውንም አይቆምም፣ በጥቅጥቅ ረድፍ ትከሏቸው።

ግንቡን ማስገባት

ጎንደሬ ሆኖ ፋሲል ግንብን የማይሠራ የለም። እኔም ሠራሁ፣ 12 ሳንቲም፣ ሐዲዱ ጎን። እውነተኛው እስከ ጫፉ ወደ 32 ሜትር ነው የሚባለው፣ በልኩ ቢሠራ 37 ሳንቲም ሊሆን ነው። ባቡሩ ከግንቡ ጎን ሲያልፍ ንጉሡ አጎንብሰው የሚገቡበት ቤት መሰለ። አላፈረስኩትም፣ አንጀቴ አልቻለም። ወደ ኋላ ወስጄ ከዛፍ ረድፍ ጀርባ አደረግሁት፣ እግሩ እንዳይታይ። ቀለሙንም ትንሽ አነጣሁት። አሁን ሩቅ ያለ ትልቅ ግንብ ነው። በነገራችን ላይ ድንጋዩን ግራጫ አትቀቡት፣ ቡናማ ነው፣ በእግራችሁ ሄዳችሁ እዩት፣ ቅርብ ነው።

ግንብ፣ ቤተ ክርስቲያን፣ ገበያ፣ ድልድይ፣ ዋሻ፣ ሁሉንም 1 ሜትር ከ80 በ90 ሳንቲም ላይ ማጨቅ ደግሞ ሌላው በሽታ ነው። ሁለቱን ምረጡ። ባዶ ሜዳም መልክዓ ምድር ነው።

ከሐዲዱ ሥር ያለው ጠጠር

አሁን የሚያሳፍረውን ልናገር። ቀይ ጤፍ ቀለሙም መጠኑም የሐዲድ ጠጠር ይመስላል ብዬ አንድ ጣሳ ከእናቴ ጓዳ ወሰድኩ። "ጤፍ ላይ ኮላ? በዚህ ኑሮ?" አለችኝ፣ ቀጥላም ያለችውን እዚህ አልጽፈውም። ቅጣቱ ግን ከእሷ አልመጣም። በሦስተኛው ሌሊት አይጥ ገባና ከጣቢያው እስከ ድልድዩ ያለውን ጠጠር በላው፣ ኮላውን እንኳ አልተጸየፈም። የሚበላ ነገር አትጠቀሙ።

አሸዋ ውሰዱ፣ ግን የምታስቡትን ያህል ደቃቅ አይደለም። 5 ሳንቲም የሆነ እውነተኛ ጠጠር በዚህ ልክ ግማሽ ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። በዱቄት ወንፊት የሚያልፈውን ብቻ ያዙ። ከዚያ ከአሮጌ ስፒከር የወጣ ማግኔት በላስቲክ ጠቅልላችሁ አሸዋው ውስጥ አመላልሱት። የወንዝ አሸዋ ብረትነት ያለው ጥቁር ብናኝ አለው፣ ሎኮሞቲቩ ውስጥ ያለው ሞተር ማግኔት ስላለው ይስበዋል፣ ከዚያ መንቋቋት ይጀምራል። አሸዋውን ከበተናችሁ በኋላ ውሃ በስሱ ንፉበት፣ ቀጥሎ እኩል በውሃ የቀጠነ ኮላ፣ አንድ ጠብታ የዕቃ ሳሙና ጨምራችሁበት፣ በስሪንጅ አንጠባጥቡ። ሳሙና ከሌለው አሸዋው ላይ እንደ ዶቃ ይንከባለላል እንጂ አይሰርግም። ሐዲዱ የሚለያይበት መቀያየሪያ ጋ ስትደርሱ ግን እጃችሁን ሰብስቡ፣ ኮላ ከገባበት አይንቀሳቀስም።

የድሮውን የለገሃር ባቡር ለመሥራት ለምታስቡ አንድ ነገር፦ እ.ኤ.አ. በ1917 አዲስ አበባ የደረሰው የጂቡቲ መስመር ስፋቱ፣ ማለትም በሁለቱ ብረቶች መካከል ያለው ርቀት፣ 1 ሜትር ነበር። በካርቶን የሚመጣው የ16.5 ሚሊ ሐዲድ ግን 1 ሜትር ከ43.5 ሳንቲም ማለት ነው፣ እ.ኤ.አ. በ2016 የተመረቀው አዲሱ መስመር ስፋት። ለድሮው የ12 ሚሊ ሐዲድ ያስፈልጋችኋል።

ባቡሩን ሳይሞክሩ ተራራ መዝጋት

መልክዓ ምድር ከመጀመራችሁ በፊት ያላችሁን ረጅሙን ፉርጎ ይዛችሁ ሙሉውን ዙር ዙሩ፣ ኩርባ ላይ መሃሉ ወደ ውስጥ፣ ጫፉ ወደ ውጭ ይወጣል። የኔ ገደል ሁለት ቦታ ተላጭቷል። ዋሻውን ደግሞ ዙሪያውን በጄሶ ደፍኜ አሳመርኩት። በበዓል ቀን፣ ቤት ሙሉ እንግዳ ተቀምጦ፣ ባቡሩ ገባና አልወጣም። በዚህም በዚያም እጄን ብሰድ አይደርስም። በመጨረሻ የወጥ ቤት ቢላ አምጥቼ እንግዳ ፊት ተራራውን ቆረጥኩት። አሁን ከጀርባው እንደ ድስት ክዳን ይነሳል፣ ክዳኑን ከፍቶ ፉርጎ የማውጣቱን ሥራ የእህቴ ልጅ ይዞታል፣ የእሱ እጅ ትንሽ ነው።