ሳግራ ላይ ጎላ ለምታማስሉ

ነሐሴ 9 ጣሊያኖች ፌራጎስቶ የሚሉት በዓላቸው ነው። በነሱ ኦገስት 15፣ የእመቤታችን ዕርገት። እኛ ግን ያኔ ገና የፍልሰታ ጾም እኩሌታ ላይ ነን። እኔ በዚያ ምሽት የት ነኝ? ከሰሜን ጣሊያኗ ቤርጋሞ ወደ ላይ፣ አንዲት የተራራ መንደር ውስጥ፣ ቅቤና ፎርማጆ (የነሱ አይብ) የሚገባበት ጎላ ላይ ቆሜ አማስላለሁ። አንዲት ጠብታ ሳልቀምስ። ዘንድሮ ዘጠነኛ ዓመቴ ነው።

ሰሞኑን እንደኔው አረጋውያን የምትንከባከብ ልጅ ደውላ «የሰፈሩ ሰዎች ሳግራ ላይ አግዢን አሉኝ፣ ምን ላድርግ?» አለችኝ። በስልክ የነገርኳትን ነው የምጽፍላችሁ።

ሳግራ የመንደር የምግብ ድግስ ነው። ቃሉ «ቅዱስ» ከሚለው ቃላቸው የወጣ ነው። ድሮ የቤተ ክርስቲያን በዓል ነበር፤ ታቦት አይወጣም እንጂ ነገሩ እንደኛው ንግሥ ነው። ዛሬ ብዙው በምግቡ ይጠራል። የማሪኖ ከተማ የወይን ነው፣ የአሪቻ የፖርኬታ፣ ማለትም የአሳማ ጥብስ፣ የካሞሊ የዓሣ። ካሞሊዎች ዓሣውን የሚጠብሱት ወደ አራት ሜትር ስፋት ባለው መጥበሻ ነው፤ ሰው እሱን ለማየት ብቻ ይሄዳል። አዘጋጆቹ አብዛኛውን ጊዜ ፕሮ ሎኮ የሚባሉ የነዋሪ ማኅበራት ናቸው። የመጀመሪያው በ1881 እ.ኤ.አ. ፒዬቬ ቴዚኖ በምትባል መንደር ተቋቋመ። ሁሉም በነፃ ነው የሚሠራው። ስለ ክፍያ እንዳትጠይቁ፣ ያሳፍራችኋል። የእኛ መንደር ከሳግራው ያገኘው ገንዘብ አምና ለመዋለ ሕፃናቱ ጣራ ሄዷል።

ለመብላት ብቻ የምትሄዱ ከሆነ ነገሩ ቀላል ነው። ጥሬ ገንዘብ ያዙ። መጀመሪያ ካሳ በሚሉት መክፈያ ላይ ተሰለፉ፣ ክፈሉ፣ ደረሰኙን ይዛችሁ ተቀመጡ። አግዳሚው ረጅም ነው፤ ከማታውቁት ሰው ጋር ትከሻ ለትከሻ ትበላላችሁ። ከምሽቱ አንድ ሰዓት በፊት ድረሱ። ከዚያ በኋላ ሰልፉ አይቻልም።

አሁን ወደ ጎላው።

የኛ መንደር ምግብ ፖሌንታ ታራኛ ነው። የበቆሎ ዱቄትና ግራኖ ሳራቼኖ የሚባል ጠቆር ያለ እህል ይደባለቃል። ስሙን ያገኘው ከማማሰያው ነው ይላሉ፤ ረጅሙን ዱላ ታራይ ይሉታል። ለአንድ ጎላ 40 ሊትር ውኃ፣ 10 ኪሎ ዱቄት፣ 3 ኪሎ ቅቤ፣ 5 ኪሎ ፎርማጆ። ከመቶ ሰው በላይ ያበላል። ጎላው መዳብ ነው።

የመጀመሪያ ዓመቴን ልንገራችሁ። ፖሌንታውን ሳየው «ይሄማ ገንፎ ነው!» አልኩ። ገንፎ ስገነፋ ያደግሁ ሰው ነኝ፣ ክንዴን አምኜ ዱቄቱን በአንዴ ዘረገፍኩት። ጓጎለ። የሎሚ የሚያካክል ጓል ነው የወጣው። ወጥ ቤቱን የሚመሩት ሲኞራ አልተቆጡም። ጎላውን ዝም ብለው አዩት፣ ከዚያ እጄን ይዘው ጣቶቼን አላሉ፦ «አ ፒዮጃ።» እንደ ዝናብ ማለታቸው ነው። እኔ ካፊያ ብዬ ነው የያዝኩት። ዱቄቱን በግራ እጃችሁ ጨብጡ፣ በጣቶቻችሁ መሃል እንደ ካፊያ ይውረድ፣ በቀኝ እጃችሁ አማስሉ። ለ10 ኪሎ ግን አንድ ሰው አይበቃም፤ አንዱ ይነስንሳል፣ ሌላው ያማስላል።

ከዚያ አንድ ሰዓት ገደማ ነው፣ ያለማቋረጥ። ከሥር ወደ ላይ ገልብጡት፣ ዳር ዳሩን ብቻ አትዙሩ። በየአምስት ደቂቃው ተቀያየሩ። ጀግና ልሁን የሚል ሰው በማግሥቱ ማንኪያ ማንሳት ያቅተዋል። እጅጌው ረጅም ልብስ ልበሱ፤ ሲንተከተክ ይተፋል፣ ከቆዳ ላይ ደግሞ ቶሎ አይለቅም። ግራ ክንዴ ላይ ምልክቱ አለ።

ከጎኔ የሚያማስሉት ብዙዎቹ ባርኔጣቸው ላይ ላባ የሰኩ ሽማግሌዎች ናቸው። አልፒኒ፣ የተራራ ጦር የነበሩ። አልፒኒ ማይጨው ላይም እንደነበሩ የሚያውቅ ሐበሻ ያንን ላባ ሲያይ ደንገጥ ይላል። እኔም ብያለሁ። አንድ ቀን ከመሃላቸው አንዱ ከየት እንደመጣሁ ጠየቀኝ። ነገርኩት። ትንሽ ዝም አለና ዱላውን ከእጄ ተቀብሎ «አንቺ ዕረፊ» አለኝ። ሌላ አላወራንም።

የጨው ነገር። ሌላው ሰው ይቀምሳል፣ እኔ ጾመኛ ነኝ። ስለዚህ በሚዛን ነው የምሠራው። ለአንድ ሊትር 10 ግራም ይባላል፤ ፎርማጆው ራሱ ጨው ስላለው ግን ለ40 ሊትር 350 ግራም ላይ አቆማለሁ። ውኃው ሲሞቅ ይጨመራል፣ ዱቄቱ ሳይገባ። መጀመሪያ ይስቁብኝ ነበር። አሁን ሚዛኑን የገዙት እነሱ ናቸው። በዘጠኝ ዓመት አንድም ቀን ጨው በዛ አልተባለም፤ ቀማሾቹ ግን በየጎላው ይጨቃጨቃሉ።

ፖሌንታው ከጎላው ጎን መላቀቅ ሲጀምር ደርሷል። የምትጾሙ ከሆነ አሁን ሳህን አቅርቡ። ውኃ፣ ዱቄትና ጨው ብቻ ነው፣ የለየለት የጾም ምግብ። ከቤት ባመጣሁት ምስር ወጥ ነው የምበላው። ከዚያ ቅቤው ይገባል፣ ቀጥሎ የተከተፈው ፎርማጆ፣ አምስት ደቂቃ ብቻ። ከቆየ ዘይቱ ይለያል። ክር ሲጎትት አውጡት።

መጨረሻ ላይ ጎላው ሥር ቅርፊት ይቀራል። ለሕፃናት ስጡ፣ ይጣሉበታል። መዳቡን በሽቦ አትፈግፍጉ፤ ኮምጣጤና ጨው ይበቃዋል።

ሲኞራዋ ለእኔ አንድ ቁራጭ በወረቀት ጠቅልለው ፍሪዘራቸው ውስጥ ያስቀምጣሉ። ላዩ ላይ «16» ብለው ይጽፉበታል፣ በእኛ አቆጣጠር። ነሐሴ 16 ከቅዳሴ ስመለስ ቀጠን አድርጌ ቆርጬ እጠብሰዋለሁ። ዘይት አያስፈልገውም፣ ቅቤው ከራሱ ይወጣል።