ፋይበር ሲገባ ሊወገዱ የሚገቡ ስህተቶች፤ ከኮንዶሚኒየም በር እስከ ሰርቨር ክፍል

በኮዬ ፈጬና በቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየሞች ፋይበር (ኢንተርኔትን በብርሃን የሚያመጣ የመስታወት ገመድ) ገብቶም «ይቆራረጣል» የሚል ቅሬታ ሲነሳ፣ መጀመሪያ መታየት ያለበት ገመዱ ቤት ውስጥ የሚያልቅበት ጫፍ ነው።

ትልቁ ስህተት ኮኔክተሩን (የገመዱን መሰኪያ ጫፍ) ሳያጸዱ መሰካት ነው። «አሁን ከፕላስቲኩ የወጣ ነው» ማለት አያዋጣም። ብርሃኑ የሚያልፍበት የፋይበሩ እምብርት ስፋቱ 9 ማይክሮን ገደማ ብቻ ስለሆነ፣ አንዲት የበጋ አቧራ ቅንጣት ትጋርደዋለች። ይባስ ብሎ ሁለቱ ጫፎች ሲጋጠሙ ቅንጣቷ ተጨፍልቃ መስታወቱን ትቧጭረዋለች፤ ያኔ ማጽዳት አያድነውም፣ ጫፉ ይቀየራል። በሸሚዝ ጠርጎ እፍ ማለትማ ክርና እርጥበት መጨመር ነው። ክር በማይተው የፋይበር መጥረጊያ በአንድ አቅጣጫ ይጥረጉ፤ ካልለቀቀ በ99 በመቶ አይሶፕሮፒል አልኮል ነካ አድርገው ወዲያው በደረቁ ይድገሙ። ጫፉን ግን በዓይንዎ አይመልከቱ፦ ከአገልግሎት ሰጪው ማዕከል የሚመጣው የ1490 ናኖሜትር ብርሃን አይታይም፣ ዓይን ግን ሊጎዳ ይችላል።

አረንጓዴ ኮኔክተር ከሰማያዊ ጋር አይሰካም። የአረንጓዴው ጫፍ 8 ዲግሪ ያዘነበለ ስለሆነ በመሃል የአየር ክፍተት ይቀራል፣ ብርሃኑም ይባክናል።

በር ጥግ ላይ በሚስማር ተይዞ የታጠፈ ገመድም አለ። መደበኛው የፋይበር ዓይነት፣ ጂ.652፣ ከ30 ሚሊሜትር ባነሰ ራዲየስ መታጠፍ የለበትም፤ ለቤት የሚመረጠው ጂ.657.ኤ2 እስከ 7.5 ይችላል። የመታጠፍ ብክነት የሞገዱ ርዝመት በጨመረ ቁጥር ይብሳል። ስለዚህ በ1310 ናኖሜትር ሞገድ ብቻ ተለክቶ «ደህና ነው» የተባለ መስመር በ1550 ሲለካ እጥፋቱ ይጋለጣል።

በፓወር ሜትር (የብርሃን ኃይል መለኪያ) ሳይለኩ መሄድ ሌላው ነው። በቢ ፕላስ ደረጃ ጂፖን (አንድ ፋይበር ለብዙ ቤቶች የሚከፋፈልበት ሥርዓት) የቤቱ መሣሪያ ከ−8 እስከ −27 ዲቢኤም (የብርሃን ኃይል መለኪያ፤ ቁጥሩ ከዜሮ በታች በወረደ መጠን ብርሃኑ ይደክማል) ይቀበላል። −26.5 ላይ መብራቱ አረንጓዴ ሊሆን ይችላል፤ ግን ገመዱ በመንገድ ቁፋሮ ተበጥሶ ሲቀጠል ወይም በክረምት ሳጥኑ ውሃ ሲያስገባ ያቺ ግማሽ ዲቢ አትተርፍም። ከ−24 ከወረደ ምክንያቱን መፈለግ ይሻላል።

እንደ ጎሮው አይሲቲ ፓርክ ባሉ ስፍራዎች፣ በዳታ ማዕከል ውስጥ፣ ስህተቱ መልኩን ይቀይራል። የሲሊከን ፎቶኒክስ (የብርሃን ክፍሎች በሲሊከን ቺፕ ላይ የሚሠሩበት ቴክኖሎጂ) 400ጂ ዲአር4 ሞጁል፣ ማለትም በሰከንድ 400 ጊጋቢት በብርሃን የሚያስተላልፍ ተሰኪ መሣሪያ፣ በነጠላ ሞድ (ባለ ቀጭን እምብርት) ፋይበር እስከ 500 ሜትር የሚሠራ ስለሆነ ባለ 50 ማይክሮን ሰፊ እምብርት መልቲሞድ ገመድ አይሰካበትም። በአንድ ምልክት 4 የብርሃን ደረጃዎች ስለሚጠቀምም፣ በ10ጂ መስመር ያለችግር ያለፈ ቆሻሻ ጫፍ እዚህ በነጸብራቁ ስህተት ይፈጥራል። ሲሊከን ራሱ ብርሃን በደንብ አያመነጭም፤ ሌዘሩ ከኢንዲየም ፎስፋይድ ይሠራል፣ ሙቀትም ያደክመዋል። የራኩ (የመሣሪያ መደርደሪያው) ባዶ ክፍተቶች ካልተሸፈኑ ከኋላ የወጣው ሙቅ አየር ዞሮ ሞጁሎቹ ላይ ይመለሳል።