ኮንፈረንስ ለመሄድ ከቪዛው ወደኋላ መቁጠር

ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም፣ አራተኛ ፎቅ፣ ከምሽቱ ሦስት ሰዓት። መብራት ጠፍቷል። ላፕቶፑ የቀረው ቻርጅ 14 በመቶ ነው። የስልኬን ዳታ ከፍቼ አኅጽሮተ ጥናት (አብስትራክት) ለአንድ ጉባኤ ለመላክ እታገላለሁ፤ ጊዜው ዛሬ እኩለ ሌሊት ያልቃል ብዬ። ኋላ ሳጣራ ለካ የነገው ግማሽ ቀንም የእኔ ነበር። በከንቱ ተንገበገብኩ። ነገሩን ከታች እመለስበታለሁ።

ጥናቱን ይዞ ጉባኤ ላይ መቅረብ የሚፈልግ ሰው መጀመሪያ የሚያየው የከተማውን ስም ነው። እኔም እንደዚያው ነበርኩ። አሁን ግን መጀመሪያ የማየው የቪዛውን ቀን ነው።

1. ጉባኤያችሁን ፈልጉ

በጥናታችሁ ውስጥ ደጋግማችሁ የጠቀሳችኋቸውን አምስት ተመራማሪዎች ስም ወረቀት ላይ ጻፉ። ባለፉት ሁለት ዓመታት የት የት እንዳቀረቡ ፈልጉ። ሦስቱ አንድ ጉባኤ ላይ ከተገኙ፣ የእናንተም ቦታ እዚያ ነው።

ታሪክ፣ ቋንቋ ወይም አንትሮፖሎጂ ላይ ያላችሁ ዓለም አቀፉን የኢትዮጵያ ጥናት ጉባኤ ተከታተሉ። እ.ኤ.አ. በ1959 ሮም ላይ ተጀምሮ አንዴ እዚህ አንዴ ውጭ ሲዞር ኖሯል። 20ኛው በ2018 መቀሌ፣ 21ኛው በ2022 አዲስ አበባ ተካሂዷል። የኢትዮጵያ ኢኮኖሚክስ ማኅበርም በየዓመቱ ጉባኤ ይጠራል። ለጀማሪ አሪፍ መለማመጃ ነው፤ ወጪው የታክሲ ብቻ ነው። ሰው ሠራሽ አስተውሎት (ኤአይ) ላይ የምትሠሩ ዲፕ ለርኒንግ ኢንዳባን አትለፉ። እ.ኤ.አ. በ2017 ጆሃንስበርግ ጀምሮ ናይሮቢን፣ ቱኒስን፣ አክራን፣ ዳካርን፣ ኪጋሊን አዳርሷል። የዓለም አቀፉ የአስትሮኖሚ ኅብረት ሰዎች ደግሞ ጠቅላላ ጉባኤያቸውን በ2024 ኬፕ ታውን ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ አፍሪካ ውስጥ አድርገዋል። ቀጣዩ ጠቅላላ ጉባኤያቸው ነሐሴ 2027 ሮም ነው።

2. የውሸት እንዳይሆን

አንድ ጠዋት ኢሜይል ከፈትኩ። «እጅግ የተከበሩ ፕሮፌሰር» ይላል። ፕሮፌሰር አይደለሁም። የጥርስ ሕክምና ጉባኤ ላይ ቁልፍ ንግግር እንዳደርግ ተጋብዣለሁ። እኔ የምሠራው እንሰት ላይ ነው።

ይሄኛው ያስቃል። የሚያሳስበው በራሳችሁ መስክ የሚመጣው ነው። ጽሑፉን በላካችሁ በሁለተኛው ቀን «ተቀብለናል፣ ክፈሉ» ካሉ ሽሹ። አንድ አዳራሽ ውስጥ ሕክምናም፣ ግብርናም፣ ምህንድስናም፣ ሕግም አለ ካሉም ሽሹ። ከኮሚቴው ዝርዝር አንድ ስም ምረጡና በዩኒቨርሲቲው ኢሜይል በቀጥታ ጠይቁት፤ «እኔ አላውቃቸውም» የሚል መልስ ሊመጣ ይችላል። ይህ ወሬ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2019 አንድ የአሜሪካ ፍርድ ቤት ኦሚክስ የተባለውን የመጽሔትና የጉባኤ ድርጅት ከ50 ሚሊዮን ዶላር በላይ እንዲከፍል ወስኖበታል። ከክሶቹ አንዱ፣ እመጣለሁ ያላሉ ታዋቂ ተመራማሪዎችን ስም ለጉባኤ ማስታወቂያ ተጠቅሟል የሚል ነበር።

3. ወደኋላ ቁጠሩ

ዋናው ነገር እዚህ ጋ ነው። ካላንደር አውጡ።

ለሸንገን ቪዛ (የአብዛኞቹ የአውሮፓ አገሮች የጋራ ቪዛ) ቢበዛ ከጉዞው ስድስት ወር በፊት፣ ቢያንስ ደግሞ 15 ቀን ቀደም ብሎ ማመልከት ይቻላል። ውሳኔው ለሌላው በ15 ቀን ይደርሳል ቢባልም፣ ለኢትዮጵያውያን ግን እ.ኤ.አ. ከ2024 ወዲህ መደበኛው ጊዜ 45 ቀን ሆኗል። ክፍያው ከሰኔ 2024 ወዲህ 90 ዩሮ ነው። 30 ሺህ ዩሮ የሚሸፍን የጉዞ የጤና መድንም ይጠየቃል።

እንግዲህ ጉባኤው በእኛ ነሐሴ አጋማሽ ነው እንበል። 45 ቀን ወደኋላ ስትሉ ሰኔ መጨረሻ ላይ ትደርሳላችሁ። ለቀጠሮ አንድ ወር ጨምሩ፤ ግንቦት መጨረሻ ሆነ። የግብዣ ደብዳቤው ያኔ እጃችሁ ላይ መሆን አለበት። አዘጋጆቹ መልስ የሚሰጡት ሰኔ መጨረሻ ከሆነስ? ጻፉላቸው። «የቪዛ ሂደቱ እኛ ዘንድ ረጅም ስለሆነ መልሴን ቀደም ብላችሁ ብታሳውቁኝ» በሉ። ብዙዎቹ ይረዳሉ። ካልተረዱ ጉባኤውን ተዉት።

ችግሩ የእኛ ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2018 ሞንትሪያል ላይ በተካሄደ ትልቅ የኤአይ ጉባኤ ብዙ አፍሪካውያን ቪዛ ተከልክለው ቀሩ። ሌላው ትልቅ ጉባኤ፣ አይሲኤልአር፣ የ2020ውን አዲስ አበባ አደርጋለሁ ሲል እዚህ ያልተደሰተ አልነበረም። ኮሮና መጣና በኢንተርኔት ሆነ። በ2023 ኪጋሊ ላይ ተካሄደ። እኔ በበኩሌ ለመጀመሪያ ጉዞ ናይሮቢን ወይም ኪጋሊን እመርጣለሁ። ኬንያ ለእኛ ቪዛ አትጠይቅም፤ ሩዋንዳ ደግሞ ለአፍሪካውያን ሲደርሱ ትሰጣለች። የቢጫ ወባ ክትባት ካርዳችሁን ግን እንዳትረሱ።

4. ሰዓቱ የማን ነው?

የጥሪው ማስታወቂያ ላይ «ኤኒዌር ኦን ኧርዝ» የሚል ካለ፣ ቀኑ በመጨረሻው የዓለም ጫፍ እስኪያልቅ ይጠብቃሉ ማለት ነው። 23፡59 ካሉ፣ በእኛ አቆጣጠር በማግስቱ ከቀኑ 8፡59 ነው። ያን ማታ ይህን ባውቅ ኖሮ ሻማዬን አጥፍቼ እተኛ ነበር።

ቀኑንም በእኛው ካላንደር መልሱት። «ሜይ 15» የሚለውን አይቶ ግንቦት 15 ላይ ክብ የሠራ ጓደኛ አለኝ። ትክክለኛው ግንቦት 7 ነበር። በስምንት ቀን አለፈው።

5. ብር

ድጋፍ የሚጠየቅበትን ቀን ጽሑፉን ስትልኩ አጣሩ፤ ተቀባይነት እስኪያገኝ አትጠብቁ። ከመመዝገቢያ ክፍያ ነጻ መሆንና የጉዞ ድጋፍ ብዙ ጊዜ የተለያዩ ቅጾች ናቸው፤ ሁለቱንም ሙሉ። «ቲኬቱን ግዙና ደረሰኝ ስታመጡ እንመልሳለን» ካሉ፣ እነሱ ራሳቸው እንዲገዙላችሁ ለምኑ። በእኛ ደመወዝ አንድ ቲኬት ቀድሞ መክፈል ቀልድ አይደለም። የዶላር ካርድ ከሌላችሁም መመዝገቢያውን እዚያ ስትደርሱ በጥሬ ገንዘብ መክፈል ይቻል እንደሆነ ጠይቁ። ነውር የለውም።

6. መንገድ

ፖስተር (ጥናታችሁን ግድግዳ ላይ የምታሳዩበት ትልቅ ሉህ) ካላችሁ መጠኑን ከአዘጋጆቹ አረጋግጡ። የተለመደው ኤ ዜሮ 84 በ119 ሳንቲሜትር ነው። በጨርቅ አሳትሙት፤ ታጥፎ ከልብስ ጋር ሻንጣ ይገባል። እኔ መጀመሪያ በወረቀት አሳትሜ፣ ከኮዬ ቦሌ ድረስ የታክሲው ረዳት «ይሄ ቱቦ የማነው?» እያለ ጨርሶኛል።

ስትመለሱ የቦርዲንግ ፓሱን ቁራጭ እንዳትጥሉት። ወጪውን መሥሪያ ቤት ከሸፈነላችሁ፣ ሒሳብ ክፍል ስታወራርዱ መጀመሪያ የሚጠይቃችሁ እሱን ነው።