ቀዩን መስመር ከማመናችሁ በፊት፦ ከፊደል አራሚ ጋር የምንሠራቸው ስህተቶች

አማርኛ በወርድ፣ በማይክሮሶፍቱ የጽሑፍ መጻፊያ ፕሮግራም፣ ጽፎ የሚያውቅ ሰው ነገሩን ያውቀዋል። ገጹ ከላይ እስከ ታች ቀይ በቀይ ይሆናል። «ኢትዮጵያ» ስህተት፣ «መንግሥት» ስህተት፣ የአያት ስም ስህተት። ወርድ ይህን ቀይ መስመር ያመጣው በፈረንጆቹ 1995 ነው። ከዚያ ወዲህ አንዳንዱ ሰው መስመሩን አይቶ እንዳላየ ያልፈዋል፤ አንዳንዱ ደግሞ ያለውን ሁሉ እሺ ይለዋል። መስመሩ ግን የሚናገረው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ «ይህን ቃል አላውቀውም።» ተሳስታችኋል አላለም።

ቋንቋውን ሳይነግሩት መጻፍ

ብዙ ጊዜ ገጹ የሚቀላው ወርድ ጽሑፉን እንግሊዝኛ ነው ብሎ ስለያዘው ነው። ቋንቋውን በአብዛኛው የሚያውቀው ከኪቦርዱ ነው። የኮምፒውተሩ ኪቦርድ እንግሊዝኛ ላይ እንዳለ በሌላ የግዕዝ መጻፊያ ፕሮግራም ከጻፋችሁ፣ ፊደሉ አማርኛ ሆኖ ምልክቱ እንግሊዝኛ ሊቀር ይችላል። ጽሑፉን ምረጡ፤ «ሪቪው»፣ «ላንጉጅ»፣ ቀጥሎ «ሴት ፕሩፊንግ ላንጉጅ» በሉና አማርኛን ስጡት።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሸወዳል። የአማርኛ ማረሚያው ኮምፒውተሩ ላይ ካልተጫነ ቀዩ ይጠፋል እንጂ ምንም አይታረምም። ገጹ ጸድቶ ስላየነው የታረመ ይመስለናል።

ተናዶ ከነጭራሹ ማጥፋት

የመሥሪያ ቤት ሰነድ ግማሹ አማርኛ፣ ግማሹ እንግሊዝኛ ነው። ማረሚያውን ስታጠፉት የእንግሊዝኛው ግድፈትም አብሮ ያልፋል። እዚያው ቋንቋ የምትመርጡበት መስኮት ውስጥ «አጻጻፉን አትመርምር» የሚል ትርጉም ያለው ሳጥን አለ። የአማርኛውን አንቀጽ ብቻ መርጣችሁ እሱ ላይ ምልክት አድርጉ።

የቀላውን ሁሉ መዝገብ ውስጥ መክተት

«አድ ቱ ዲክሽነሪ» የምትለዋን ነገር ስንነካ ቀዩ እልም ይላል፣ ደስም ይላል። ግን አማርኛ ቃል ብቻውን አይሄድም። «ቤት»ን ብታስገቡ «ከቤታችን»፣ «ለቤቶቻቸው»፣ «በየቤቱ» እንደቀሉ ናቸው። ግስ ሲሆንማ አይጣል ነው። «መጣ»ን አስገብታችሁ «ስላልመጣችልን» ስትሉ ደግሞ ይቀላል፤ «እንደማይመጡባቸው» ስትሉም እንደዚያው። እንዲህ ቃል በቃል እየመዘገባችሁ ጡረታ ትወጣላችሁ እንጂ አትጨርሱትም።

ጥሩ ማረሚያ ከቃል ዝርዝር በላይ ሕግ ይፈልጋል። ሊብሬኦፊስ የተባለው የጽሑፍ ፕሮግራምና ፋየርፎክስ የተባለው የኢንተርኔት መቃኛ የሚጠቀሙበት ሀንስፔል የሚባለው አራሚ መጀመሪያ የተሠራው ለሀንጋሪ ቋንቋ ነው፤ ሠሪውም ሀንጋሪያዊው ላስሎ ኔሜት ነው። ሀንጋሪኛም ቃሉ ላይ ብዙ ነገር ይቀጥላል። ስለዚህ አራሚው ዋናውን ቃል ይዞ ከፊትና ከኋላ የሚቀጠለውን በሕግ ይፈትሻል። የእኛ ግስ ግን ከፊትና ከኋላ ብቻ ሳይሆን ከመሀሉም ይለዋወጣል፦ ሰበረ፣ ይሰብራል፣ ሰባሪ፣ ስብራት፣ ተሰባበረ። ስ፣ ብ፣ ር እንዳሉ ሆነው ሌላው ሁሉ ይቀያየራል። ለአማርኛ የሚሠራ ማረሚያ ትክክለኛ ቃል እየቀላ የሚያበሳጨን አንዱ ትልቅ ምክንያት ይኸው ነው። ሠሪዎቹ ላይ መፍረድ ቀላል ነው፤ ሥራው ግን ቀላል አይደለም።

እንግዲህ መዝገብ ውስጥ የሚገባው ደጋግማችሁ የምትጽፉት የሰው ስም፣ የቦታ ስም፣ የሙያ ቃል ይሁን። ከማስገባታችሁ በፊትም ፊደሉን አንድ በአንድ እዩት። የተሳሳተ ቃል አንዴ ከገባ ወርድ ስለ እሱ ዳግመኛ ትንፍሽ አይልም። ገብቶ ከሆነ «ፋይል»፣ «ኦፕሽንስ»፣ «ፕሩፊንግ»፣ «ከስተም ዲክሽነሪስ» ውስጥ ፈልጋችሁ አውጡት።

ካልቀላ ልክ ነው ብሎ ማለፍ

«ለሠራተኞች ሥልጣን ተሰጠ።» ምንም አልቀላም። ልትሉ የፈለጋችሁት ግን ሥልጠና ነበር። ሁለቱም ትክክለኛ ቃላት ናቸውና ማረሚያው ዝም ይላል፤ ሠራተኛውም በአንድ ቀን ባለሥልጣን ይሆናል። ቃሉ ከዓረፍተ ነገሩ ጋር መሄድ አለመሄዱን ተራ ማረሚያ አይፈትሽም። ጮክ ብሎ ማንበብ ይረዳል። በተለይ ርዕሱን አንብቡ፤ ርዕስ ከሁሉ ጎልቶ ተጽፎ ከሁሉ ያነሰ የሚነበብ ነገር ነው።

ሞክሼ ፊደላትን ለማረሚያው መተው

ሀ፣ ሐ እና ኀ፤ ሰ እና ሠ፤ አ እና ዐ፤ ጸ እና ፀ። አንዱ ማረሚያ «ዓለም»ን አውቆ «አለም»ን ያቀላል፣ ሌላው ይገለብጠዋል። አንዳንዱን ሐሳብ ተቀብላችሁ ሌላውን ስታልፉት ሰነዱ ዝብርቅርቅ ይላል። ከዚያ «ፀሐይ» ብላችሁ ስትፈልጉ «ጸሀይ» ተብሎ የተጻፈው አይገኝም፤ ብዙው መፈለጊያ እነዚህን የሚያያቸው እንደተለያዩ ቃላት ነው።

ሌባ ሲሆን ሰረቀ፣ ፀሐይ ስትሆን ሠረቀች እያሉ የሚለዩ ሰዎች አሉ። አከብራቸዋለሁ። ያን ያህል መጠንቀቅ ያልቻለ ግን ቢያንስ አንዱን መርጦ እስከ መጨረሻው ይጽና። ስም ሲሆን ምርጫው የባለቤቱ ነው። መታወቂያው ላይ «ኃይሉ» ከሆነ ማረሚያው «ሀይሉ» ስላለ አትንኩት።

አራት ነጥብን በሁለት ሁለት ነጥብ መሥራት

ለዓይን አንድ ይመስላሉ። ለኮምፒውተሩ ግን «።» አንድ ምልክት ነው፣ «፡፡» ሁለት። ሁለቱ ነጥቦች መስመር መጨረሻ ላይ ተለያይተው አንዱ ወደታች ሊወርድ ይችላል፤ አንዳንድ ማረሚያም ዓረፍተ ነገሩ የት እንዳለቀ ይጠፋዋል። «ፋይንድ ኤንድ ሪፕሌስ» ውስጥ ገብታችሁ በአንዴ ቀይሩት።

«ሁሉንም ቀይር» ማለት

አራት ነጥቡን በአንዴ ቀይሩ አልኩ እንጂ ቃልን አላልኩም። የታወቀ ታሪክ አለ። የድሮ የእንግሊዝኛ ማረሚያዎች «ኮኦፐሬሽን» የሚለውን ቃል የሚያውቁት መሀሉ ላይ ሰረዝ ሲኖረው ብቻ ነበር። ያለ ሰረዝ ሲያገኙት በምትኩ ኩፐርቲኖን ያቀርባሉ፤ አፕል የሚገኝባትን የካሊፎርኒያ ከተማ። ጸሐፊው ሳያይ እሺ ይላል። በዚህ ሁኔታ ትብብር መባል የነበረበት ቦታ ላይ «ኩፐርቲኖ» የሚል ቃል የተባበሩት መንግሥታትና የኔቶ ሰነዶች ውስጥ ሳይቀር ገብቶ ተገኝቷል።

ስልክ ላይ ደግሞ እሺ እንኳን ሳንል ነው የሚቀየረው። አማርኛን በላቲን ፊደል ለሚጽፍ ሰው አውቶኮሬክት ጠላት ነው፤ የእናትን ስም ሳይቀር ወደ እንግሊዝኛ ቃል ሊለውጥ ይሞክራል። አይፎን ላይ «ሴቲንግስ»፣ «ጄኔራል»፣ «ኪቦርድ» ውስጥ «አውቶ ኮሬክሽን»ን ለብቻው ማጥፋት ይቻላል፤ ከሥሩ ማስመር ግን እንዳለ ይቀጥላል። ማጥፋት ካልፈለጋችሁም እዚያው «ቴክስት ሪፕሌስመንት» ውስጥ የቤተሰቡን ስም አንድ በአንድ አስገቡ። ማሳጠሪያ የሚለውን ቦታ ባዶ ተዉት። ስሞቹን ከዚያ በኋላ አይነካቸውም።