ሚኒሞ ላይ የምትንቀጠቀጥ መኪና፦ የሞተር ጎሚኒ ችግርና መፍትሔ

ጅማ ውስጥ ቪትዝ ወይም ኮሮላ የሚነዳ ሰው ይህን ሳያየው አይቀርም። ባጃጅ እስኪያልፍ ፍሬን ይዘህ ትቆማለህ። ማርሹ ዲ (ወደ ፊት መሄጃው) ላይ ነው፤ ሞተሩ በሚኒሞ፣ ማለትም ነዳጅ ሳትሰጠው ይሠራል። መሪው እጅህ ላይ ይንዘፈዘፋል፤ በመስታወቱ ስታይ ከኋላህ ያለው ሰው ሁለት ሆኖ ይታይሃል። ወደ ኤን (ባዶ ማርሽ) ስትመልሰው ጸጥ ይላል።

ይህ ከሆነ ካንዴላ (ነዳጁን የሚያቀጣጥለውን ዕቃ) ለመግዛት አትሩጥ። መጀመሪያ የሞተሩን ጎሚኒ እይ። አንዳንዱ ሱፖርት ይለዋል። ሞተሩንና ካምቢዮውን (የማርሽ ሳጥኑን) ከቦዲው ጋር የሚያይዘው፣ ብረትና ጎማ አንድ ላይ የተጣበቀበት ዕቃ ነው። ክብደቱን ይሸከማል፤ ንዝረቱንም ይውጣል። ጎማው ሲቀደድ ንዝረቱ በቀጥታ ወደ አንተ ይመጣል።

ኤን ላይም ዲ ላይም እኩል የምትንቀጠቀጥ ከሆነ ግን ነገሩ ሌላ ነው፤ ካንዴላ፣ ኮይል (ለካንዴላው ኤሌክትሪክ የሚሰጠው) ወይም ነዳጅ ይፈተሽ። ጉድጓድ ላይ ብቻ የምትንኳኳ ከሆነ ደግሞ ችግሩ ከእግር፣ ማለትም ጎማዎቹን ከሚይዙት ክፍሎች ነው።

ሌሎች ምልክቶች

ከዲ ወደ አር (የኋላ ማርሽ) ስትቀይር «ዱብ» የሚል ድምፅ ከወለሉ ሥር ይሰማል። ነዳጅ ስትሰጥ አንዴ፣ ስትለቅ አንዴ ይመታል። ማንዋል ከሆነች የማርሽ ዱላው ከሞተሩ ጋር ወደ ፊትና ወደ ኋላ ይሄዳል። ጭስ ማውጫው አንድ ቦታ ላይ ደጋግሞ የሚሰነጠቅ ከሆነም ጎሚኒውን ጠርጥር። አንድ ደንበኛዬ ያችኑ ቦታ ሦስት ጊዜ አስበይዶ ነው እኔ ጋ የመጣው። ሞተሩ በተነሣ ቁጥር ቱቦውን ይጎትተው ነበር።

እንዴት ታረጋግጣለህ

ኮፈኑን ክፈት። የእጅ ፍሬን ያዝ፤ ጎማዎቹ ሥር ከፊትም ከኋላም ድንጋይ አድርግ። አንድ ሰው ፍሬኑን አጥብቆ ይርገጥ፤ ዲ ያስገባና ትንሽ ነዳጅ ይስጥ፤ ከዚያ አር ያስገባና ይድገመው። ከሁለት ሴኮንድ በላይ አትቆዩበት፣ ካምቢዮውን ያሞቀዋል። አንተ ከጎን ሆነህ ሞተሩን ተመልከት። ከመኪናዋ ፊትም ሆነ ኋላ አትቁም። ፍሬን ላይ ያለው ሰው የቱንም ያህል የምታምነው ቢሆን አትቁም።

ትንሽ ዘንበል ማለት ጤና ነው። ብድግ ብሎ ተመልሶ የሚወድቅ ከሆነ ግን ተቀዷል። ከዚያ ሞተሩን አጥፍተህ በባትሪ መብራት እያንዳንዱን ጎሚኒ እይ። ስንጥቁ ክብደት ተጭኖት ስለሚዘጋ ላይታይህ ይችላል። ሞተሩን በክሪክ ትንሽ ስታነሣው አፉን ይከፍታል።

ዋናው ምክንያት፦ ከላይ የሚንጠባጠበው ዘይት

ሰው ሁሉ መንገዱን ይወቅሳል። መንገዱ ድርሻ አለው፤ ዕድሜም አለው። እኔ ግን ደጋግሜ የማየው ዘይት ነው።

ከአጋሮ አንድ የቪትዝ ሹፌር መጣ። ካንዴላ ቀይሯል፣ ኮይል ቀይሯል፣ የአየር ማስገቢያውን አሳጥቧል። መንቀጥቀጡ አልለቀቀውም። ዲ አስገብቶ ነዳጅ ሲሰጥ ሞተሩ አራት ጣት ያህል ተነሣ። እጄን ሰድጄ በቀኝ በኩል ያለውን ጎሚኒ ነካሁት፤ እንደ ሬንጅ ጣቴ ላይ ተለጥፎ ወጣ። «ይሄ እኮ ከስምንት ወር በፊት የተቀየረ ነው!» አለኝ። ቀና ብዬ አየሁ። ከቴስታታ ክዳኑ (ከሞተሩ የላይኛው ክፍል ክዳን) ጓርኒሲዮን፣ ማለትም ዘይት እንዳይወጣ ከሚደፍነው ዕቃ፣ ዘይት እያዠ፣ በሞተሩ ጎን ወርዶ፣ በቀጥታ ጎሚኒው ላይ ያርፋል። የቀየረለት ሰው ቀና ብሎ አላየም።

ጓርኒሲዮኑን ሳልቀይር ጎሚኒ አልገጥምም አልኩት። ቅር አለው፤ ግን እሺ አለ። ሁለት ዓመት ሆነው፣ ጎሚኒው እስካሁን ደህና ነው።

ሌላው ጠላት ናፍጣ ነው። በቡና ሰሞን መኪናው ሁሉ ጭቃ ለብሶ ይመጣል። የሚያጥቡት ልጆች ሞተሩ እንዲያብረቀርቅ ናፍጣ ይረጩበታል። እባካችሁ ይህን ተዉት! ናፍጣ ጎማን ያሳብጣል፣ ያላላል። ሞተሩ ሲበርድ የኤሌክትሪክ ቦታዎቹን ሸፍናችሁ በውኃና በሳሙና እጠቡ፤ ይበቃል።

አንድ ነገር ልጨምር። አንዳንዱ ጎሚኒ ውስጡ ፈሳሽ አለው። እሱ ሲቀደድ የራሱን ጥቁር ፈሳሽ ያፈሳልና፣ የሞተር ዘይት መስሎህ እንዳትሳሳት። ከላይ ደረቅ ሆኖ እሱ ብቻ ከረጠበ ፈሳሹ የራሱ ነው።

አቀያየር

ክሪኩ ላይ ወፍራም ጣውላ አድርገህ ሞተሩን ደግፍ። ጣውላ ሳታደርግ የዘይት መያዣውን ብትደግፍ ታሰረጉደዋለህ። አንሥተህ አትስቀለው፤ ቡሎኑ ላይ ያለው ጭነት እስኪቀል ብቻ ነው። ስታነሣ የራዲያተር ቱቦዎችና ሽቦዎች እንዳይወጠሩ እያየህ። ከሥር የምትገባ ከሆነ መኪናዋ በጠንካራ መቆሚያ ላይ ትሁን። በክሪክ ብቻ በቆመች መኪና ሥር አትግባ።

አዲሱን ስትገጥም ቡሎኖቹን ሁሉ መጀመሪያ በእጅ አስገባ። ብዙዎቹ የሚገቡት አሉሚኒየም ውስጥ ነው፤ አጣመህ በቁልፍ ከገፋኸው ጥርሱ ይበላል። ከዚያ ክሪኩን አውርድ፣ ሞተሩን አስነሣ፣ ቦታውን ይያዝ፣ አጥፋ፣ በመጨረሻ አጥብቅ። ሞተሩ ተጣሞ ሳለ ካጠበቅኸው አዲሱ ጎማ ገና ከመጀመሪያው ቀን ተጠማዝዞ ይኖራል። መንቀጥቀጡም አይለቅህም።

አንዱ ሲቀደድ የሱን ጭነት የተሸከሙት ሌሎቹ ናቸው። እነሱንም እይ። በተለይ የኋላውን፤ ሞተሩ እንዳይገለበጥ የሚይዘው እሱ ስለሆነ «ዱብ» የሚለው ድምፅ ብዙ ጊዜ ከሱ ነው።

ዕቃ ስትገዛ

ርካሹ አዲስ ጎሚኒ በስድስት ሳምንት ከብረቱ ተላቆ ሲመለስ አይቻለሁ። የገዛው ሰው ድጋሚ ለሠራተኛ ከፈለ። ሱቁ ውስጥ እያለህ ጎማው ከብረቱ ጋር የተጣበቀበትን ጠርዝ በጥፍርህ ፈትሽ። ክፍተት ካለው መልስ። ጎማው ያልደረቀ፣ ያልተሰነጠቀ ያገለገለ ኦሪጅናል ካገኘህ እሱ ይሻልሃል።

የተቀደደውን ጎሚኒ ከአሮጌ ጎማ ቆርጠው የሚሞሉልህም አሉ። ከዚህ የባሰው ብየዳው ነው። የጎሚኒውን ብረት ከብረት ጋር በይደውለት የመጣ ኮሮላ ነበር። ዳሽቦርዱ እንደ ንብ ቀፎ ይጮኻል፤ ሞተሩ ላይ ያለው የአሉሚኒየም መያዣ ተሰንጥቋል። የአንድ ጎሚኒ ወጪ ሸሽቶ የመያዣም ከፈለ። ያ ሰው ሁለት ልጆቹን ይዞ ነበር አዲስ አበባ ደርሶ የተመለሰው። መያዣው የግቤን ቁልቁለት ሲወርድ ቢለቅ ምን ይሆን እንደነበር ሳስበው አሁንም ይከብደኛል።

ከገጠምክ በኋላ ወደ አባ ጅፋር ቤተ መንግሥት የሚወስደውን የጅሬን ዳገት ውጣበት። ዳገቱ ላይ ነዳጅ እየሰጠህ እየለቀቅህ ስማ። ምንም ካልመታ ቤትህ ስትገባ ሞተሩ ሥር ነጭ ካርቶን አንጥፈህ እደር። ጠዋት ካርቶኑ ላይ የዘይት ጠብታ ካየህ ወደ መካኒክህ ተመለስ፤ ጓርኒሲዮኑን ይይልህ።