«ባንግላዋሽ!» ከማለታችሁ በፊት

ገልፍ አገር ከባንግላዴሽ ልጆች ጋር የምትሠሩ ወገኖቼ ይህን ቃል ሳትሰሙት አትቀሩም። ብሔራዊ የክሪኬት ቡድናቸው ከአንድ ተጋጣሚ ጋር ያደረጋቸውን ተከታታይ ጨዋታዎች በሙሉ ሲያሸንፍ «ባንግላዋሽ!» ይላሉ። ቃሉን ያወጣው የቀድሞው ተጫዋችና የጨዋታ አስተላላፊ አታር አሊ ካን ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2010 ኒውዚላንድ ባንግላዴሽ ሄዳ ባዶ እጇን ስትመለስ። ክሪኬት የለመዱ ልጆቻችን ቃሉን ሲወዱት ደስ ይለኛል። ያለቦታው ሲሉት ግን ዝም ማለት አቃተኝ።

ከሁሉም የከፋው ማንኛውንም ድል ባንግላዋሽ ማለት ነው። ይሄ አንጀቴን ያሳርረዋል። በ2015 ባንግላዴሽ ሚርፑር ላይ ህንድን ሁለት ጊዜ አከታትላ ረታች። ኳስ ወርዋሪው ሙስታፊዙር ራህማን፣ ገና የ19 ዓመት ልጅ፣ በመጀመሪያው ጨዋታ አምስት፣ በሁለተኛው ስድስት መቺዎችን አስወጣ። እስከ ዛሬ ያንን «ባንግላዋሽ» የሚል ሰው አለ። አይደለም! ሦስተኛውን ህንድ በ77 ራን (የክሪኬት ነጥብ) አሸንፋለች፤ ውጤቱ 2ለ1 ነው። ድሉ ታላቅ ነው፣ ማንም አያሳንሰውም። አንድ ጨዋታ ካመለጠ ግን ቃሉ ቀረ። የምታወሩት ደግሞ እያንዳንዱን ጨዋታ በቃሉ ከሚያውቅ ሰው ጋር ነው፤ ልታስደስቱት ብላችሁ የተናገራችሁት እንዳልተከታተላችሁ ያሳብቅባችኋል።

የመጨረሻው ጨዋታ ሳያልቅም አትበሉ። ቃሉ የተወለደበትን ተከታታይ ራሱን እዩት፦ ባንግላዴሽ በመዝጊያው ጨዋታ ያስቆጠረችው 174 ብቻ ነበር። ኒውዚላንድ እየተንገዳገደች 171 ደረሰች። አንድ መቺ ብቻ ቀርቷት፣ በመጨረሻው ኦቨር (የስድስት ኳስ ዙር)፣ የባንግላዴሹ ሩቤል ሆሴን የወረወረው ኳስ መቺው ካይል ሚልስ የሚጠብቃቸውን እንጨቶች በተነ። ልዩነቱ ሦስት ራን! ያቺ ኳስ ብትስት ኖሮ «ባንግላዋሽ» የሚያሰኝ ነገር አይኖርም ነበር።

ያንኑ ተከታታይ 5ለ0 የሚሉም አሉ። 4ለ0 ነው፤ ሁለተኛውን ጨዋታ ዝናብ ወስዶታል።

የጨዋታ ዓይነቶችንም አትደባልቁ። በ2023 እንግሊዝ ዳካና ቺታጎንግ ላይ የአንድ ቀኑን ተከታታይ 2ለ1 ወሰደች፤ ወዲያው በአጭሩ ጨዋታ በቲ20 (ለእያንዳንዱ ቡድን 20 ኦቨር) ደግሞ የዓለም ሻምፒዮን ሆና ሳለች 3ለ0 ተሸነፈች። ባንግላዋሹ የቲ20ው ብቻ ነው።

የሌላ አገር ድል የራሱ ስም አለው። ዌስት ኢንዲስ በ1984 እንግሊዝን በአገሯ 5ለ0 ሲያሸንፉ ደጋፊዎቻቸው ያሉት «ብላክዋሽ» ነው።

«ደካማ ቡድን ሲያገኙ ነው» ለሚሉ ደግሞ የፓኪስታኗን ከተማ ራዋልፒንዲን ላስታውስ። እስከ 2024 ድረስ ባንግላዴሽ ፓኪስታንን በቴስት፣ ማለትም እስከ አምስት ቀን በሚዘልቀው ጨዋታ፣ አሸንፋ አታውቅም ነበር። በዚያ ዓመት የመጀመሪያውን ጨዋታ ወሰደች። በሁለተኛው ስድስት መቺዎቿ በ26 ራን ብቻ ወጡባት፤ ሊተን ዳስና መህዲ ሃሰን ሚራዝ ቆመው 165 ጨመሩ፣ ሊተን ለብቻው 138 አስቆጠረ። ያንንም አሸንፈው 2ለ0 ጨረሱ፣ በፓኪስታን ሜዳ።