ኢንዛይም ሲሠራ በዓይናችሁ እዩት፦ አንድ የአምባዛ ጉበትና ሦስት ስኒ

ትምህርት ቤት ሳለሁ «ኢንዛይም ኬሚካላዊ ለውጥን የሚያፋጥን ፕሮቲን ነው» የሚለውን ሸምድጄ ፈተናውን አልፌያለሁ። ምን ማለት እንደሆነ የገባኝ ግን ቆይቶ ነው፣ እዚሁ ባሕር ዳር፣ ወጥ ቤት ቆሜ፣ አንዲት ቁራጭ የዓሣ ጉበት ስኒ ውስጥ ነጭ አረፋ ስትደፋ ሳይ። ልጅ ያላችሁ፣ ባዮሎጂ የምታስተምሩ ሞክሩት። ላብራቶሪ አያስፈልግም።

በጠዋት ሐይቁ ዳር ዓሣ ወደሚያጸዱት ልጆች ሂዱና ሆድ ዕቃው ለፔሊካኖቹ ሳይወረወር የአንድ አምባዛ ጉበት ጠይቁ። ቀረሶም ይሆናል፤ ግን የአምባዛው ተለቅ ስለሚል ለመቁረጥ ይመቻል። ጉበቱ ላይ የተጣበቀች አረንጓዴ ከረጢት ታያላችሁ። ሐሞቱ ናት፣ እንዳትፈነዳባችሁ። ዓሣ ካጣችሁ የበሬ ጉበት ወይም ጥሬ ድንች ይሠራል፣ ድንቹ ቀስ ቢልም።

ከፋርማሲ ደግሞ ቁስል የሚታጠብበትን 3 በመቶ ሃይድሮጂን ፐርኦክሳይድ ግዙ። ለፀጉር የሚሸጠውን አትንኩ፣ ጠንካራ ስለሆነ ቆዳ ያቃጥላል። ጠርሙሱ አዲስ ይሁን። እኔ መጀመሪያ የሞከርኩት ክዳኑ ተከፍቶ መስኮት ላይ ወራት በቆየ ጠርሙስ ነበር፤ ጠብ ያለ ነገር የለም። ጉበቱ ተበላሽቶ መስሎኝ ሌላ ዓሣ ፍለጋ ሐይቁ ዳር ተመለስኩ፣ ለካ ብርሃንና ሙቀት ፈሳሹን ቀስ በቀስ ውሃ አድርገውታል። በጥቁር ቡናማ ጠርሙስ የሚሸጠውም ለዚሁ ነው።

አሁን ሦስት ስኒ አቅርቡ። አንደኛው ውስጥ የአውራ ጣት ጥፍር የምታክል ጥሬ ጉበት፣ ሁለተኛው ውስጥ ያንኑ የምታህል አሥር ደቂቃ የተቀቀለችና የቀዘቀዘች ጉበት፣ ሦስተኛው ባዶ። በየስኒው ሁለት የሾርባ ማንኪያ ፐርኦክሳይድ ጨምሩ። ጥሬዋ ወዲያው ትንጫጫለች፣ አረፋው ከስኒው አፍ ሊወጣ ይደርሳል፤ ስኒውን በመዳፋችሁ ያዙት፣ ሞቅ ይላል። የተቀቀለችው ዝም። ባዶውም ዝም። አንድ የእንጨት ስንጥር አቀጣጥሉና ነበልባሉን አጥፍታችሁ ፍሙን ወደ አረፋው አስጠጉት፦ ቦግ ይላል። አረፋውን የሞላው ኦክስጅን ነው። ይህችን ልጆች ብቻቸውን አይሞክሯት።

ምን ሆነ? ሕዋስ ምግብ እያቃጠለ ሲኖር ሃይድሮጂን ፐርኦክሳይድ ራሱ ያመርታል፣ ከተከማቸ ደግሞ ራሱን ይጎዳዋል። ስለዚህ ካታሌዝ የሚባል ኢንዛይም አለው፤ መርዙን ወደ ውሃና ኦክስጅን ይሰነጥቀዋል። ፍጥነቱ የሚገርም ነው፣ አንዲት የካታሌዝ ሞለኪውል በሰከንድ ሚሊዮኖችን ትሰነጥቃለች። ከአራት የፕሮቲን ሰንሰለቶች የተሠራች ናት፣ እያንዳንዱም እንደ ደማችን ሄሞግሎቢን መሐሉ ላይ ብረት ይዟል። ጀምስ ሰምነርና አሌክሳንደር ዳውንስ በ1937 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ከበሬ ጉበት አውጥተው ክሪስታል ያደረጓት ይህችኑ ነው።

የተቀቀለችው ላይ ግን ቆም በሉ፣ ለእኔ ዋናው ነገር እሷ ናት። ባሕር ዳር 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሆነች ውሃችን የሚፈላው በ94 ዲግሪ አካባቢ ነው፣ ለዚህ ሥራ ግን ይተርፋል። ሰንሰለቶቹ አልተቆራረጡም። የተበላሸው አስተጣጠፋቸው ነው፤ የተቀቀለ እንቁላል ሲቀዘቅዝ ተመልሶ ጥሬ እንደማይሆነው ሁሉ እነሱም ወደ ቀድሞ ቅርጻቸው አይመለሱም። ቅርጹ ሲሄድ ሥራውም አብሮ ይሄዳል። ከተቀቀለችውም ጥቂት አረፋ ካያችሁ መሐሏ ሳይበስል ቀርቶ ይሆናል፣ ሰንጥቃችሁ እንደገና ቀቅሏት።

ሌላ ጥሬ ቁራጭ በማንኪያ ጨፍልቃችሁም ሞክሩ፤ ሕዋሶቹ ስለሚፈነዱ ካታሌዙ ይወጣል፣ አረፋውም ይፈጥናል።

የመጀመሪያውን ስኒ ግን እንዳትደፉት። አረፋው ጸጥ ሲል ፈሳሹን ወደ ሌላ ስኒ ገልብጡና ጉበቷ ላይ አዲስ ፐርኦክሳይድ ጨምሩ። እንደገና ትነሳለች፣ ምክንያቱም ኢንዛይሙ ሠርቶ አያልቅም። በገለበጣችሁት አሮጌ ፈሳሽ ላይ ደግሞ አዲስ ጥሬ ጉበት ጣሉ። ያለቀው የቱ እንደሆነ እሱ ይነግራችኋል። ስታበቁ ጉበቱን ጣሉት፣ ስኒዎቹንም እጃችሁንም በሳሙና እጠቡ።